ሁለት መቶኛው ነዋሪ

እንየው ባዘዘው የመጥለቂያ ልብሱን ታጥቆ ሳይጨርስ፣ ጣና ውስጥ አርባ ሜትር ጠልቆ አንዲት ጉማሬ በጆሮዋ እየጎተተ እንዳወጣ ለአሥሩ የጀልባ ባልንጀሮቹ ተርኮ ጨርሷል። ጆሮ ላይ የሚሰካው አስተርጓሚ ለኮሪያዊው በኮሪያኛ፣ ለብራዚላዊቷ በፖርቱጋልኛ አደረሰላቸው። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው አሥራ አራት ሜትር መሆኑን አስተርጓሚው ያውቃል፤ ካልጠየቁት ግን አይናገርም።

ሚስቱ ትርንጎም ዝም አለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር የራሷን መላ አግኝታለች፤ እሱ የሚለውን ቁጥር ሁሉ በሦስት ታካፍላለች። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩሽ ካላት አንድ ሰዓት ጠብቋል። ዘጠኝ ሰው ደበደብኩ ካለ ደግሞ ሦስት ሰው ደብድቦታል።

እንየው ባሕር ዳር ውስጥ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት። ከእንግዳ ጋር ከተማ ውስጥ ሲሄድ ሃያ ፎቅ፣ ሠላሳ ፎቅ እያለ በጣቱ ያሳያል፤ «ያ የእኔ ነው፣ ያኛውም የእኔ ነው» ይላል፤ ሊፍቱን እሱ ስለሚጠግነው። ይህን ጉዞ የሸለመው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ለሃያ አምስት ዓመት አገልግሎት። ለሰፈሩ ሰው የነገረው ግን የሐሊፋሩ መንግሥት ጋብዞት እንደሆነ ነው።

የሐሊፋሩ መንግሥት ከውሃ በታች ነው። ደሴቲቱ ከሰመጠች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ከላይ የቀረው የአገሬው ሰው ከተራው ወጥቶ የሚያርፍበት ተንሳፋፊ ሰፈርና አንድ ትልቅ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ማዕበሉ ላይ እያረገረገ በአረንጓዴ መብራት 200 የሚል ቁጥር ያሳያል። ከእሱ ወዲያ፣ ሰማይና ባሕር የሚገጥሙበት ጋ፣ አሥራ አንድ መርከቦች ተሰልፈው ቆመዋል። እንየው ሠላሳ መርከብ አየሁ አለ።

አስጎብኚዋ ሪሻ ትባላለች፤ ፀሐይና ጨው ፊቷን ያደረቀው የአርባ ዓመት ሴት ናት። ሕጉን የነገረቻቸው ረዳት የታክሲ መውረጃዎችን እንደሚጠራው ነው። የሰመጠ ሀገር ሀገር ሆኖ የሚቆየው ሁለት መቶ ሰው ቤቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከሁለት መቶ ከወረደ ባሕሩ ቀድሞ ለደረሰ ሰው ይሆናል። መርከቦቹ የባሕሩን ወለል የሚቆፍሩ ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሞተራቸው ጠፍቶ አያውቅም። በየቤቱ አንድ ወንበር አለ፤ ቆጣሪው እሱ ነው። ፎቶ ማንሳት ይቻላል። እጅ ማውለብለብ ይቻላል። መቀመጥ አይቻልም።

«ሰሌዳው ላይ ያለው የዛሬው ቁጥር ነው?» አለች ብራዚላዊቷ።

«የአሁኑ ነው» አለች ሪሻ።

ሁሉም ሰሌዳውን ፎቶ አነሡት።

ትርንጎ ከመታጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ጭንቅላቷን እንደማታስገባ ባሕር ዳር እያለች ምላለች፤ ስለዚህ ጀልባው ላይ ብርቱካን እየላጠች ቀረች። እንየው ጭምብሉን ሲያጠልቅ በጆሮው፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው አገር ነው፤ አፍህን ሰብስብ» አለችው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠለቁ።

ሐሊፋሩ መንገድ አላት። የመንገድ ምልክቶቿ ቆመዋል፤ አንደኛው «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል። ቤቶቹ ጣሪያቸው ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ውስጣቸው ሰው ተቀምጧል፤ አፍና አፍንጫው ላይ ጭምብል፣ ከጭምብሉ ወደ ግድግዳው የሚሄድ የአየር ቱቦ። አንዲት ሴት ደጃፏን ከአሸዋ ትጠርጋለች፤ አሸዋው ተመልሶ ይመጣል፤ ደግማ ትጠርጋለች፤ ወንበሩን እህቷ ይዛላታለች። ሁለት ሽማግሌዎች በትይዩ መስኮት ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ፤ ጠጠሮቹ ማግኔት አላቸው፤ ተራው የደረሰው ጣቱን ሲያሳይ ደጅ የምትጠርገው ሴት ሄዳ ታንቀሳቅስለታለች። ቴሌቪዥን ውስጥ ዓሣ ይኖራል። የሰርግ ፎቶዎች በፕላስቲክ ታሽገው እንደተሰቀሉ ናቸው።

እንየው መጀመሪያ ላይ ለትርንጎ በጆሮዋ አስተርጓሚ በኩል እየተረከ ነበር፤ ሻርኩ የአውቶቡስ ያህላል፣ ኤሊው ላይ ሦስት ሰው ይጫናል። ከአምስተኛው ቤት በኋላ ዝም አለ። አምስተኛው ቤት ውስጥ ተቀምጣ የነበረችው ሴትዮ ዓይኗ ተከፍቶ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እንዳትወድቅ በደረቷ ዙሪያ በገመድ ከወንበሩ ጋር ታስራለች። ፎቶ ሲያነሷት አልነቃችም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ትርንጎ። «ምን አየህ?»

«ሰዎች» አላት።

ሰባተኛው ቤት የማኒኩ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቱሪስቶቹ በመስኮት ፎቶ አንስተውት ከሪሻ ኋላ ወደ ስምንተኛው ቤት አለፉ። እንየው ግን አላለፈም። በዚህ ሁሉ ቀደዳው መሐል እናቱ ያስተማረችው አንድ ነገር አልጠፋበትም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ አይቶ ሰላም ሳይል አይሄድም። በበሩ ዋኝቶ ገባ፤ ውሃው እንደፈቀደለት ጎንበስ አለ፤ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እንዴት አደሩ፣ አባቴ፣ አለው፤ አስተርጓሚው አደረሰለት።

ማኒኩ እጁን አላስለቀቀም። የተያዘ እጁን ያይ ነበር። ቱሪስት እጁን ሲይዘው የመጀመሪያው እንደነበረ እንየው የሰማው በኋላ ነው።

«አድሬአለሁ» አለ ማኒኩ። «እዚሁ።»

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የተናገረው ረጅም አልነበረም፤ እንየው ግን አንዲት ቃል አልረሳም። ወንበሩን የሚቀመጡበት ተራ በተራ ነው፣ እሱና ሚስቱ ሐዋ። እሱ ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ እሷ ከጠዋት እስከ ማታ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ የሚገናኙት በሩ ላይ ነው፤ ጭምብል ለጭምብል ነካ ያደርጋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነው አንድ ቀን አብረው ቁርስ አልበሉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሐዋ አርፍዳ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልመጣችም። ሁለቴ ወደ ተንሳፋፊው ሰፈር ተጣራ፤ አልመለሱለትም። አሁን አራት ሰዓት እየሆነ ነው።

«ሄደው ለምን አያዩአትም?» አለ እንየው።

ማኒኩ ወንበሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

እዚህ ላይ ስለ እንየው አንድ እውነት መናገር ይገባል፤ ጉማሬው ውሸት ነው፣ ወረፋው ግን እውነት ነው። እንየው ወረፋ ይይዛል። ዳቦ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ ክሊኒክ፣ የትም። «ይሂዱ፣ ደርሰው ይምጡ፤ እኔ አለሁ» ይላል፤ ጫማውን አውልቆ በሰው ቦታ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። በአንድ ጠዋት ለሰባት ሰው ይዞ ያውቃል። ቦታውን የተነጠቀ ሰው የለም። ሰፈሩ በዚህ ብቻ ያምነዋል።

«አባቴ» አለ፣ «ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጠዋት ለሃያ አንድ ሰው ወረፋ የያዝኩ ሰው ነኝ። ወንበር ምን አላት? ይሂዱ፣ ደርሰው ይምጡ።»

ማኒኩ ወንበሩ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ማስረዳት ጀመረለት። የተቀመጠውን ሰው እንደሚቆጥር፣ የቆጠረውን ደግሞ...

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ እንየው፤ አልገባውም። «ባለቤትዎን ይዩአት። በሞቴ።»

ሽማግሌው ጉልበቱን እያሻሸ ዓይኑን ወደ በሩ አነሣ። ከዚያ የራሱን የአየር ቱቦ ከግድግዳው ነቀለና የእንየውን ሰካ፤ ትንሽ ሲሊንደር ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ታጠቀ። በአንድ ትንፋሽ ተነሣ። በአንድ ትንፋሽ እንየው ተቀመጠ። ሽማግሌው ከሰባ ስምንት ዓመት ሰው በማይጠበቅ ፍጥነት በበሩ ወጣ።

ወንበሩ በጥርት ያለ አማርኛ ተናገረ።

«ይህ ቤት የማን ነው?»

እንየው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን ሳይጠየቅ ሲመልሰው ኖሯል።

«የእኔ ነው» አለ።

«ሌላ ቤት አለዎት?»

አፉን ከፈተ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ደጅ ላይ የፓፓያ ዛፍ፣ ትርንጎ የቀባችው ሰማያዊ በር። በሰው ፊት ሲነገር ባለ ሦስት ፎቅ ይሆናል። ሊናገር ሲል የጣሪያው መብራት ቀይ ሆነ። በጎረቤት መስኮቶች ያሉት ፊቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ፤ ዳማ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ድምፁ መጣ። በመጀመሪያ ከእግሩ ሥር የመሰለው፣ ቀጥሎ ጥርሱ ውስጥ፤ እንደ ብዙ ወፍጮ ቤት፣ እንደ መቶ ወፍጮ ቤት፤ ለዚህ አንድ ጊዜ ማጋነን አላስፈለገውም። አሥራ አንዱ መርከቦች ተንቀሳቅሰዋል።

በጆሮው ትርንጎ፣ «እንየው፣ ሰሌዳው 199 ሆነ። መርከቦቹ እየመጡ ነው። ምን እየሆነ ነው እታች?» አለች።

«ሌላ ቤት አለዎት?» አለ ወንበሩ፣ በዚያው ድምፅ።

እንየው ባዘዘው በተወለደ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካለው አሳንሶ ተናገረ።

«የለኝም» አለ። «ሌላ ቤት የለኝም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወፍጮው ቀስ በቀስ ራቀ፤ ቆመ። ውሃው ውስጥ የተነሣው አሸዋ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተኛ። ከመንገዱ ማዶ የሚጠርግ መጥረጊያ ድምፅ ተሰማ።

ሪሻ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ወንበሩን አየችው፤ እሱን አየችው። እንየው ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ወይም ተነሥ የሚል። እሷ ግን ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ ሰው ጣሪያ ጫፍ ላይ የቆመ ሕፃን ሲያይ እንደሚያደርገው፣ በዝግታ ተጠጋች።

«አይነሡ» አለችው። «እባክዎን፣ እንዳይነሡ።»

ያኔ ነገረችው። አንድ ሰው የሚቆጠረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐሊፋሩ ስትቆጥረው ሌላው ሀገር ይቀንሰዋል። ወንበሩ የማኒኩን ስም ወደ ሁለተኛ ነዋሪ አውርዶ የእሱን አንደኛ አድርጓል። ለመመለስ አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፤ «ቤት አለኝ» ማለት። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካላለ ይጸናል። ግን አሁን ቢል፣ ሽማግሌው ሳይመለስ ቢል...

ሁለቱም ጥርሳቸው ውስጥ የቀረውን ወፍጮ አዳመጡ።

መልእክቱ በጆሮው የመጣው ወዲያው ነው፤ ሙዚቃ ነበረው። የኢትዮጵያ ነዋሪነትዎ በክብር ተዘግቷል፤ ላበረከቱት ሁሉ እናመሰግናለን፤ በቱሪስትነት ለሠላሳ ቀን ሊጎበኙን ከፈለጉ በሚከተለው ያመልክቱ። እንየው ክው አለ። አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ ለትርንጎ አንድ ነገር ሊላት፣ ቀልድ፣ ምንም ነገር። እሷ ቀደመችው።

«እንየው፣ እዚህ ጀልባው ላይ ያለው ማሽን አሥራ አንድ ሰው ነው የመጣው ይላል። አሥራ ሁለት ነን አልኩት። ‹እመቤቴ፣ እርስዎ ብቻዎን ነው የመጡት› አለኝ። የብርቱካን ልጣጭ በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ብቻሽን ነው የመጣሽው ይለኛል።»

«መጥቻለሁ» አላት። «ወረፋ ይዤ ነው።»

«የማንን ወረፋ?»

ነገራት። ስትሰማ ቆየች። ትንፋሿ በጆሮው ይሰማል፤ ጀልባው ላይ ሞገድ ሲመታ ይሰማል።

ቱሪስቶቹ ለምሳ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት በመስኮት አጎንብሰው ፎቶ አነሡት። ብራዚላዊቷ እጇን አውለበለበች። ጠዋት አብሯት የሳቀ ሰው መሆኑን የምታውቅ አትመስልም፤ ወንበር ላይ ነዋ።

ወንበር ላይ መቀመጥ ሥራ ነው ቢሉት ትናንት ይስቅ ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት አለፈ። በሁለተኛው፣ ቅዝቃዜው በዳሌው ገብቶ በትከሻው ወጣ። በሦስተኛው አንድ ትንሽ ዓሣ መጥቶ ጉልበቱን መልቀም ጀመረ፤ ለማባረር ሲንቀሳቀስ የጣሪያው መብራት አንዴ ብልጭ አለ፤ እንየው ደርቆ ቀረ፤ ዓሣው ለቅሞ ጨርሶ ሄደ። በአራተኛው እንቅልፍ መጣ። ያኔ የአምስተኛውን ቤት ሴትዮ አስታወሰ፤ ዙሪያውን ሲዳብስ ከወንበሩ ጀርባ ገመዱን አገኘው። በልኩ የተቋጠረ ነበር፤ አንዱ ቋጠሮ ለወፍራም ሰው፣ ሌላው ለቀጭን ሰው። ቀጭኑ የሐዋ መሆን አለበት። አልታሰረም። ራሱን ለማንቃት ግን ቆጠረ። ትይዩ ያሉትን ቤቶች መብራት ቆጠረ። አሥራ ሰባት ነበሩ። ቢያዩት ባልንጀሮቹ ይገረሙ ነበር፤ እንየው ባዘዘው አንድ ነገር ቆጥሮ የቆጠረውን ያህል ብቻ አለ።

በስድስተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ማኒኩ በሩ ላይ ደረሰ።

በሩ ላይ ቆመ። ጭምብሉን ወደፊት ትንሽ ዘንበል አደረገ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረገው፤ የሚነካው ሌላ ጭምብል ግን አልነበረም። ከዚያ ገባ።

«ልጄ፣ ጠበቅከኝ» አለ።

«እንዴት ናቸው?» አለ እንየው፤ እያወቀው።

ሽማግሌው የነገረው በአጭሩ ነው። ሐዋ ከመንጋቱ በፊት፣ ልትወርድ ልብሷን ስትታጠቅ ነው የወደቀችው። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሲጣራ ሰምተውታል፤ ግን እንዴት ብለው ይንገሩት? ብንነግረው ይነሣል አሉ፤ ቢነሣ ሀገር ይጠፋል። ስለዚህ ዝም አሉት። እሱ ሲደርስ ታጥባ ተከፍናለች። ቀኑ ሳይመሽ ቀበሯት፤ እንደ ሥርዓቱ፣ በባሕሩ። ፊቷን አይቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጠዋት ብርሃን አይቷት አያውቅም ነበር።

«አንተ ባትኖር» አለ ማኒኩ፣ «እዚህ ተቀምጬ በመስኮት ሲያወርዷት አይ ነበር። ሌላ ቱሪስት የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።»

ቦታ ተለዋወጡ፤ በአንድ ትንፋሽ። ወንበሩ፣ ይህ ቤት የማን ነው፣ ብሎ ጠየቀ። ማኒኩ ወደ እንየው እያየ፣ «የእኛ ነው» አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ።

እንየው በሩ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ከኋላው ተናገረ፤ ልመና አልነበረበትም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነገር ነበር።

«የቀኑ ተራ የእሷ ነበር፤ ሲመሽ የምወርደው እኔ ነበርኩ። አሁን ቀኑን እኔ ይዤዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ካለ እነሣለሁ። ከሌለም እቀመጣለሁ። ትናንት ማታ ከተቀመጥኩ ወዲህ አልተኛሁም፤ ግን ገመዱ አለ። ገመዱ እስከያዘኝ።»

ጀልባው ላይ ሲወጣ ትርንጎ ፎጣ ሰጠችው። የተላጠው ብርቱካን ደርቆ ከጎኗ ተቀምጧል። ቱሪስቶቹ ስለ ምሳው ያወራሉ። የጀልባው መሪ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሡ ተናገረ፤ በዝርዝሩ ላይ ያሉት አሥራ አንዱ ብቻ ወደ ወደብ መግባት እንደሚችሉ፣ ሌላው ደግሞ እዚህ ቀበቶው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ «ቤት አለኝ» ካለ ዝርዝሩ እንደሚስተካከል በትሕትና አከለ። ሰሌዳው 200 ይላል። መርከቦቹ ከጠዋቱ ትንሽ ቀርበው ቆመዋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም።

ትርንጎ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፤ በረዶ ነበር። የሚጨነቅ ሰው መቼም መጀመሪያ ትንሹን ነው የሚጠይቀው።

«ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?»

«ስድስት።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁለት፣ አለች በልቧ፤ ከልምድ ነው፤ እሱም አያት።

«እና ይሄ ሁሉ ስንት ሰው ነው? እታች ያሉት?»

«ሁለት መቶ።»

እንደገና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ስልሳ ስድስት ላይ ደርሳ የተረፈውን ልትጥል ስትል እንየው እጇን ጠበቅ አደረገው።

«አይካፈልም፣ ትርንጎ» አላት። «ይሄኛው አይካፈልም።»

ፊቱን አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት የምታውቀው ፊት ነው፤ ሲያጋንን ቅንድቡ ወደ ላይ ይወጣል። ቅንድቡ ቦታው ላይ ነበር። ሰሌዳውን አየች። መርከቦቹን አየች፤ እሷም ቆጠረቻቸው፣ በጣቷ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ጀልባው ጥግ ሄደች፤ የተሞላ የአየር ሲሊንደር በሁለት እጇ እየጎተተች መጣች፤ ጀርባው ላይ አስደግፋ ማሰሪያውን በትከሻው አሳልፋ ሳበችው። ጥጉ ላይ ሁለተኛ ሲሊንደር ቀርቷል። እሱንም አየችው።

«እስኪ ይሄ ጭምብል የሚባለው» አለች፣ «በየት በኩል ነው የሚጠለቀው?»